ተራማጁ ለምን እምቢ አለ?

የሴቶችን የመምረጥ መብት ማን ተቃወመ ብንባል ቶሎ ብለን «አድኃሪው ነዋ!» እንላለን። የፈረንሳይ ታሪክ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1919 የታችኛው ምክር ቤት መብቱን አጸደቀ፤ ሴኔቱ ሦስት ዓመት ካንከባለለው በኋላ በ1922 ጣለው። በሴኔቱ የጎሉት ደግሞ ራዲካሎች ነበሩ፤ የ1789 አብዮት ወራሾች ነን የሚሉ፣ በ1905 ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት የለየው ሕግ ጠበቆች። ፍርሃታቸው፦ ሴቲቱ ቅዳሜ ትናዘዛለች፣ እሑድ ቄሱ ያላትን ትመርጣለች፣ ሪፐብሊኩም በገዛ ድምፅ ሳጥኑ ይወድቃል የሚል ነው።

እኛን የገረመን እዚህ ላይ ነው። ቄሱ የሚያናዝዘው ወንድም እኮ ድምፅ ነበረው! ያውም ለልጃገረዶች የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1880 በሕግ ያቋቋሙት ራሳቸው ሪፐብሊካኖቹ ናቸው፤ አርባ ዓመት አስተምረው ተማሪያቸውን አላመኗትም።

በ1936 ሌዮን ብሉም ሦስት ሴቶችን በመንግሥቱ ውስጥ ሾመ። አንዷ የኖቤል ተሸላሚዋ ኢሬን ጆልዮ ኩሪ ነበረች። ሥልጣን አላቸው፣ የመራጭነት ካርድ ግን የላቸውም!

መብቱ የመጣው በሚያዝያ 1944 ከአልጀርስ በወጣ ድንጋጌ ነው፤ ያን ጊዜ እምቢ የሚል ሴኔት አልነበረም። በጥቅምት 1945 ሴቶች በመረጡበት የመጀመሪያ አገር አቀፍ ምርጫ ታዲያ ከሌሎቹ ፓርቲዎች ሁሉ የበለጠ ወንበር የወሰደው የቄሶቹ ወገን ሳይሆን የኮሚኒስት ፓርቲው ነበር።