ሮበርት ሴሲል
ሎርድ ሮበርት ሴሲል (እ.ኤ.አ. 1864–1958) ብሪታንያዊ የሕግ ባለሙያ፣ ፖለቲከኛና ከመንግሥታት ማኅበር መሥራቾች አንዱ ነበሩ። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የሎርድ ሳልዝበሪ ሦስተኛ ወንድ ልጅ ሲሆኑ፣ በኢተንና በኦክስፎርድ ተምረው በ1906 በወግ አጥባቂው ፓርቲ ስም ፓርላማ ገቡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ንግድ የማገዱን ሥራ በሚኒስትርነት መሩ፤ በ1919 ፓሪስ ላይ የማኅበሩን ቃል ኪዳን ካረቀቁት መካከል ነበሩ። በ1927 መንግሥታቸው በባሕር ኃይል ቅነሳ ድርድር የያዘውን አቋም ተቃውመው ከካቢኔ ለቀቁ። በ1935 የተጠናቀቀውንና ከ11 ሚሊዮን በላይ ብሪታንያውያን የተሳተፉበትን «የሰላም ድምፅ አሰጣጥ» የተባለ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ መርተዋል። አብዛኛው ድምፅ ሰጪ ወራሪን በጋራ ማዕቀብ መግታትን ቢደግፍም፣ በዚያው ዓመት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ማኅበሩ ቃሉን አልጠበቀም። ሴሲል በ1937 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸልመዋል።