የአቶም ጨረርና ኢትዮጵያ፦ ከአድዋ እስከ ልደታ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሳይንስ ታሪክ አንድ ርእስ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ሰሞን፣ ልደታ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ቤታችን የእህቴ ልጅ ለኬሚስትሪ ፈተና ትዘጋጅ ነበር። የምታጠናው ምዕራፍ ስለ አቶም አወቃቀርና ስለ ኤሌክትሮመግነጢሳዊ ጨረራ የሚናገር ነው። ቶምሰን፣ ራዘርፎርድ፣ ቦር፤ 1897፣ 1911፣ 1913፤ ስሙና ዓመቱ በሰንጠረዥ ተደርድሮ ይሸመደዳል። እኔም በዘመኔ እንዲሁ ሸምድጄ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ረስቼዋለሁ። «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የት ነበርን?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው ከጥናት መሰልቸት የመጣ እንጂ ለምርምር የታሰበ አልነበረም። ነገር ግን መልሱን ስፈልግ ካሰብሁት ይልቅ ቅርብ ሆኖ አገኘሁት። እኛ አድዋ ነበርን።

ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርትስቡርግ ከተማ፣ በጥቁር ወረቀት በተሸፈነ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያሳልፍ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ የባሪየም ጨው የተቀባ ሰሌዳ በጨለማ ሲያበራ ተመለከተ። ዕለቱ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ አስነግረው፣ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ሰሜን በመጓዝ ላይ ነበሩ። ሮንትገን ምንነቱን ስላላወቀው ጨረሩን «ኤክስ» ብሎ ሰየመው፤ የባለቤትነት መብት ግን አላስመዘገበበትም። ከዚህም የተነሣ ቱቦውና ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው መሣሪያ ያለው ሐኪም ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሠራበት ጀመር።

በፓሪስ ደግሞ ሄንሪ ቤክሬል አንድ ጥርጣሬ ነበረው። ፀሐይ ካገኛቸው በኋላ የሚያበሩ የዩራኒየም ጨዎች የሮንትገንን ዓይነት ጨረር ይሰጡ ይሆን? የፎቶግራፍ ሰሌዳ በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ፣ በላዩ ጨውን አስቀምጦ፣ በመካከላቸውም አነስተኛ የመዳብ መስቀል አኑሮ ለፀሐይ ሊያሰጣው አሰበ። ይሁን እንጂ ፌብሩዋሪ 26 እና 27 ቀን 1896 የፓሪስ ሰማይ ደመና ነበር። ሰሌዳውን እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ፀሐዩ አልወጣ ሲለው ማርች 1 ቀን፣ ደብዛዛ ምልክት ቢገኝ ነው ብሎ ሰሌዳውን በኬሚካል አጠበው። የመስቀሉ ጥላ ጐልቶ ወጣ። ጨረሩ ከፀሐይ የተቀበለው ሳይሆን ከዩራኒየሙ ከራሱ የመነጨ ነበር። ቤክሬል በማግሥቱ ይህንኑ ለሳይንስ አካዳሚው አስታወቀ።

ማርች 1 ቀን 1896 እሑድ ነበር። በእኛ አቈጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ቤክሬል በመሳቢያው የቈየውን ሰሌዳ ባጠበበት በዚያው ቀን፣ በአድዋ ተራሮች ገና ጎሕ ሲቀድ የተጀመረው ጦርነት የጣልያንን ሠራዊት ፈትቶ ዋለ። አጋጣሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ መሐንዲስ ነኝና ከአንድ አጋጣሚ ሕግ አላወጣም። ሆኖም ለአንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ የራዲዮአክቲቪቲን ልደት የምትሰቅልበት ከዚህ የተሻለ ሚስማር አላገኘሁላትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ግን አጋጣሚ አይደለም። ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቈስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የጣልያን ወታደሮች መካከል ሁለቱ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ጥይት በክንዳቸው ውስጥ ቀርቷል። ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የሌተና ኮሎኔል ማዕረግ ያለው ሐኪም በዚያው በ1896 ጸደይ በሮንትገን ጨረር አማካይነት ጥይቶቹ ያሉበትን ቦታ አገኘ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሥራ ጨረሩ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው ጊዜ አድርገው ይቈጥሩታል። እንግዲህ ራጅ በወታደር አካል ውስጥ መጀመሪያ የፈለገው ጥይት ከእኛው ጦር ሜዳ የሄደ ጥይት ነው። «ራጅ» የምንለው ቃል ራሱም ጨረሮች ማለት ሲሆን የመጣው ከጣልያንኛ ነው። የእኛ ቁስለኞች በበኩላቸው በወጌሻና በአገር መድኃኒት እጅ ነበሩ፤ የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ የደረሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው።

የኔፕልሱ ሐኪም ጥይቱን ለምን እንዳየው አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ጨረሩ በሥጋ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ በአጥንት እንደሚዳከም፣ በእርሳስም እንደሚገታ ብቻ ነው። ምክንያቱ በአቶም ውስጥ ተሰውሮ ነበር። ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም፤ ቶምሰን ያረጋገጠው በተከታዩ ዓመት በ1897 ነው። የአቶም ክብደት ከሞላ ጐደል ሁሉ በመካከሉ ባለች ኢምንት ኒውክሊየስ ውስጥ መታጨቁን ራዘርፎርድ ያስረዳው በ1911 ነው። ኤሌክትሮኖች በተወሰኑ የኃይል እርከኖች ላይ ብቻ እንደሚገኙ፣ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሲወርዱም የልዩነቱን ያህል ኃይል በጨረር መልክ እንደሚለቁ ቦር ያቀረበው በ1913 ነው። በዚያው ዓመት ሄንሪ ሞዝሊ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ንጥረ ነገሮች የሚሰጡትን የኤክስ ጨረር ድግግሞሽ እየለካ፣ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር አቶማዊ ቍጥር ወሰነ። ካርቦን 6፣ ኦክሲጅን 8፣ ካልሲየም 20፣ እርሳስ 82። ለራጅ በሚያገለግለው የኃይል መጠን፣ አንድ አቶም ጨረሩን የመዋጥ ችሎታው አቶማዊ ቍጥሩ በጨመረ መጠን እጅግ በፍጥነት ይጨምራል። ሥጋ በአብዛኛው ካርቦንና ኦክሲጅን ነው፤ አጥንት ካልሲየም አለበት፤ ጥይት እርሳስ ነው። የአልቫሮ ፎቶግራፍ ምስጢር ይኸው ነው። ሞዝሊ ራሱ በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት በጥይት ተመትቶ በ27 ዓመቱ ሞተ።

የመማሪያ መጻሕፍት የራዲዮ ሞገድን፣ የሚታይ ብርሃንን፣ የኤክስ ጨረርንና ጋማ ጨረርን በአንድ ሰንጠረዥ አሰልፈው ያሳያሉ። ትክክል ነው፤ ሁሉም በባዶ ቦታ በአንድ ፍጥነት የሚጓዙ፣ በድግግሞሻቸው ብቻ የሚለያዩ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ማክስዌል በ1860ዎቹ በቀመር የተነበየውን ሄርትዝ በካርልስሩኸ በሙከራ ያረጋገጠው ከ1886 እስከ 1888 ባለው ጊዜ ነው፤ ይኸውም አዲስ አበባ በምትቈረቈርበት ወራት ማለት ነው። ከተማችንና የራዲዮ ሞገድ እኩያሞች ናቸው። ሰንጠረዡ የማይናገረው ግን እነዚህ ልጆች ከየት ከየት እንደሚወለዱ ነው። የራዲዮ ሞገድ በአንቴና ላይ ከሚመላለሱ ኤሌክትሮኖች ይመጣል፤ የሚታይ ብርሃን ከአቶም የውጭ ኤሌክትሮኖች፤ የኤክስ ጨረር ከውስጠኞቹ ወይም በድንገት ከተገቱ ፈጣን ኤሌክትሮኖች፤ ጋማ ግን ከኒውክሊየስ ከራሱ። ወደ ውስጥ በገባን ቍጥር ኃይሉ ይበረታል። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ተማሪ ሰንጠረዡን መሸምደድ አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው መገናኛ ሮም ነው። ኤንሪኮ ፌርሚና ወጣት ባልደረቦቹ በፓኒስፔርና መንገድ በሚገኘው ቤተ ሙከራቸው ንጥረ ነገሮችን በኒውትሮን ይደበድቡ ነበር። ኦክቶበር 22 ቀን 1934 በኒውትሮኑ መንገድ ላይ ፓራፊን ሲያስቀምጡ የሚፈጠረው ራዲዮአክቲቪቲ እጅግ በረታ። ፌርሚ ምክንያቱን በዚያው ዕለት አገኘው። ኒውትሮን በፓራፊን ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ጋር እየተጋጨ ይዘገያል፤ የዘገየ ኒውትሮን ደግሞ በኒውክሊየስ ለመያዝ ይቀላል። ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 5 ቀን፣ የወልወል ግጭት ደረሰ። በተከታዩ ዓመት ወረራው ተጀመረ። አንሳልዶ የተባለው የጣልያን ኩባንያ ባቆመው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በኩል የኢትዮጵያ አቤቱታ ለዓለም ሲሰማ፣ በሮምም የጦርነቱ ድባብ የቤተ ሙከራውን ሥራ አደብዝዞት ነበር፤ ባልደረቦቹም መበታተን ጀመሩ። ፌርሚ ራሱ በ1938 የፋሺስቱን የዘር ሕግ ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በነገራችን ላይ፣ በዚያው ጦርነት በሕዝባችን ላይ የዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ ዘመድ የሆነ ናይትሮጅን ያለበት ውሕድ በ1942 በአሜሪካ ለካንሰር ሕመምተኛ ተሰጥቶ የዛሬው የኬሚካል ሕክምና መነሻ ሆኗል። ኬሚስትሪ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

የዘገየው ኒውትሮን ወደ ልደታ ያመጣናል። ተፈጥሯዊው ኮባልት 27 ፕሮቶንና 32 ኒውትሮን አለው፤ ድምሩ 59 ነው። በኒውክሌየር ማብለያ ውስጥ አንድ የዘገየ ኒውትሮን ሲይዝ ኮባልት 60 ይሆናል። ይህ አቶም አይረጋም፤ አንድ ኤሌክትሮን ወርውሮ ወደ ኒኬል ይለወጣል፤ ተከታትለውም የ1.17 እና የ1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ሁለት ጋማ ጨረሮች ይወጣሉ። የሚታይ ብርሃን አንድ ቅንጣት ከ2 እስከ 3 ኤሌክትሮንቮልት እንደሚይዝ ብናስታውስ፣ ከኒውክሊየስ የሚወጣው በግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ያህል ይበልጣል። በዚህ ጨረር ካንሰርን ማከም በ1951 በካናዳ ተጀመረ። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከተቋቋመበት ከ1957 ጀምሮ አባል ብትሆንም፣ የኮባልት ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1997 ነው። የጨረር አጠቃቀምን የሚቈጣጠር ብሔራዊ ባለሥልጣን በሕግ ከተመሠረተ ገና አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ማዕከሉ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ቈየ።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼን ለአንድ ቀላል ስሌት እጋብዛለሁ። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። በአዲስ ምንጭ ሁለት ደቂቃ ጨረር የሚያስፈልገው ሕመምተኛ፣ ከአምስት ዓመት ከሩብ በኋላ ለዚያው መጠን አራት ደቂቃ ይተኛል፤ ከአሥር ዓመት ተኩል በኋላ ስምንት። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ሠራተኛውም አልሰነፈም፤ ነገር ግን በአንድ ቀን የሚታከመው ሰው ቍጥር ይቀንሳል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ምንጩን በጊዜው መለወጥ ደግሞ የውጭ ምንዛሪና ልዩ የመጓጓዣ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ የሚያስገኘው የግማሽ ዕድሜ ቀመር፣ ከጎንደርም ከጅግጅጋም ለመጣ ሕመምተኛ የመኝታ ቤት ኪራይ የሚከፍልበት የቀን ቍጥር ነው። በቅርብ ዓመታት ኮባልቱ በሊኒየር አክስለሬተር መተካት ጀምሯል፤ ጅማም የራሷን ማዕከል አግኝታለች። አዲሱ መሣሪያ ኤሌክትሮኖችን አፍጥኖ በብረት ላይ በመግታት የኤክስ ጨረር ያመነጫል፤ በመሠረቱ የሮንትገን ቱቦ የልጅ ልጅ ነው። ምንጩ አያረጅም፣ ሲዘጋም ጨረሩ ጨርሶ ይቆማል። በምትኩ ያልተቋረጠና ያልተዋዠቀ ኤሌክትሪክ፣ የማቀዝቀዣ ውኃና ዘወትር የሚገኝ መለዋወጫ ይሻል። ኮባልት ጨረሩን ለማመንጨት ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ስለዚህ አዲሱ ከአሮጌው በሁሉም ነገር ይበልጣል የሚለውን አነጋገር፣ ቢያንስ የኃይል አቅርቦታችንን የሚያውቅ መሐንዲስ በጥንቃቄ ሊቀበለው ይገባል እላለሁ።

አክስቴ በኮባልቱ ዘመን በዚያ ከታከሙት አንዷ ናቸው። ከልደታ በእግር የሚደረስ ስለሆነ፣ ከክፍለ ሀገር ከመጡት ይልቅ ዕድለኛ ነበሩ። በቆዳቸው ላይ ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ በቀለም ተሠምሮ ነበርና እንዳይታጠብ ይጠነቀቁለታል። ሕክምናቸውን እንደ ጀመሩ ሰሞን ከልጅ ልጃቸው ይሸሹ ጀመር። ሕፃኑ እየዳኸ ወደ እርሳቸው ሲመጣ ይነሡና ወደ ጓዳ ይገባሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ብዙ ካመነቱ በኋላ፣ «ያ ነገር ገላዬ ውስጥ ቀርቶ ልጁን እንዳያገኘው ብዬ ነው፤ አንተ ተምረሃል፣ ጨረሩ የት ይቀራል?» አሉኝ። የትም እንደማይቀር ነገርኋቸው። ጋማ ጨረር ከውጭ መጥቶ ሥራውን ሠርቶ ያልፋል፤ ኮባልቱ በእርሳስ ጎጆው ውስጥ ሲሸሸግ በእርሳቸው ዘንድ የሚቀር ነገር የለም፤ ፋኖስ ሲጠፋ ብርሃኑ በግድግዳ ላይ እንደማይቀር ማለት ነው። መብራቱን አጥፍቼ አሳየኋቸው፤ መልሼም አበራሁት። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትነግረኝም?» ብለው ሕፃኑን አንሥተው አቀፉት።