ፍልውሃና የእንግዳ ማደሪያ፤ ከሁሩሙ እስከ ፊንፊኔ

በኢሉባቦር ከምትገኘው ከሁሩሙ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ በየትኛውም በኩል ቢሄድ አንድ የፍልውሃ ከተማ ሳያቋርጥ አይገባም። መንገዱ ያዮን አልፎ በደሌ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ሰሜን ታጥፎ በነቀምቴ በኩል አምቦ ላይ ይወጣል፤ ሁለተኛው በአጋሮና በጅማ ዞሮ ወሊሶን ያቋርጣል። አምቦም ወሊሶም ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ ሁለቱም ከምድር በሚወጣ ውሃቸውና በሆቴላቸው ስም ያተረፉ ናቸው። የኢሉባቦር መንገደኛ ግን እዚያ ሲደርስ ቢበዛ ምሳውን በልቶ ይቀጥላል እንጂ ፍልውሃ ገብቶ፣ አልጋ ይዞ አያድርም። በኢትዮጵያ መታጠቢያውና ማደሪያው ለየብቻ አድገው በመጨረሻው ሰዓት የተገናኙ ናቸው።

በጃፓን ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ አንድ ቤት ናቸው። ኒሺያማ በተባለው የፍልውሃ መንደር የሚገኘው ኬዩንካን የተባለ ማደሪያ እ.ኤ.አ. በ705 እንደተመሠረተ ይነገርለታል፤ በዓለም ረጅም ዕድሜ ያለው ሆቴል ተብሎም ተመዝግቧል። እንግዳው በር ላይ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ይለብሳል፣ ከገንዳው ውጭ ገላውን በደንብ ታጥቦ ከጠራ በኋላ ብቻ ሙቁ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ እራት ይቀርብለትና በሣር ምንጣፍ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይተኛል። ይህ የዛሬው የድሎት መልኩ ነው። ቀድሞ ግን ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ ሩዙን ተሸክሞ ይመጣና እያበሰለ እየበላ፣ ሰባት ቀን አንድ ዙር ብሎ፣ ሕመሙ ከጸናበትም ሦስት ዙር ደግሞ ይቆይ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ ሁለቱ አገሮች ብዙ የሚመሳሰሉበት ነገር እንዳለ ይታመን ነበር። በመታጠብ ልማድ ረገድ መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ከማደሪያው ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ታማሚም ወደ ሙቅ ውሃ ሲሄድ በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን ይዞ ነው። በደራ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚገኘው ዋንዛዬ ፍልውሃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁርጥማት ያሰቃየው፣ ቆዳው የታመመ፣ ወገቡ የያዘው ሁሉ እዚያ ይሰፍራል፤ ጎጆ ያገኘ በጎጆ፣ ያላገኘ በዳስ። የቆይታው ልክ እንደ ጠበሉ በሰባት በሰባት ይቆጠራል። ፍልውሃና ጠበል በሕዝቡ ዘንድ እምብዛም ተለይተው የማይታዩ በመሆናቸው፣ ታጥቦ ለመዳን የሄደ ሰው ምቹ አልጋና የሞቀ ማዕድ አይጠብቅም፤ ቢጠብቅም ትዝብት ላይ ይጥለዋል። በፍልውሃ ዳር የእንግዳ ቤት ንግድ ሳይበቅል የቆየው ለዚህ ይመስላል።

ማደሪያውስ? ለዘመናት መንገደኛ የሚያድረው በሰው ቤት ነበር። መሸት ሲል ከአጥር ውጭ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ይላል፤ ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባው ነበር። ሙቅ ውሃ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ውሃ ይሞቅና በገበቴ ይቀርባል፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ ወይም አንዷ ጎንበስ ብለው የእንግዳውን እግር ያጥባሉ፣ ተረከዙንና ባቱን እያሹ ድካሙን ያወጡለታል፣ ሲጨርሱም እግሩን ስመው ይነሳሉ። ራቱ ከዚያ በኋላ ነው። ባለሥልጣን ሲጓዝ ደግሞ በየደረሰበት ድርጎ ይቆረጥለት ነበር፤ ማርና በግ፣ እንጀራና ገብስ የሚያቀርበው የአካባቢው ገባር ነበር። ለዚህ ሁሉ ዋጋ አይጠየቅም ነበር፤ ለገባሩ ግን ሸክሙ ቀላል አልነበረም፤ ስለ እንግዳ ተቀባይነት ሲወራ ይህኛው ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በኢሉባቦር ይህን ልማድ የፈተነው ንግድ ነው። በገዥው በራስ ተሰማ ናደው ዘመን ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መናገሻ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የድንበር ውል መሠረት ጋምቤላ የባሮ ወንዝ የንግድ ወደብ ስትሆን፣ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደዚያ ይወርድ፣ ጨርቅና ጨው ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። የውጭ አገር ነጋዴዎችም ጎሬ ላይ ሰፈሩ። መቶ በቅሎ አስከትሎ የሚጓዝ ሲራራ ነጋዴ ግን በአንድ ገበሬ ቤት አያድርም፤ ሜዳ ፈልጎ ይሰፍራል፣ ጭነቱን በክብ ደርድሮ እሳት ያነድዳል። ወደ ከተማ ሲገባ ደግሞ ጠጅ ቤት አለለት፤ ጠጁን የጠጣ ሰው በመደቡ ላይ ጋደም ቢል የሚከለክለው አልነበረም።

በኢሉባቦር ውሃ ሞልቷል፤ ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወራት አይለቅም፣ የሶርና የገባ ወንዞች ዓመቱን ሙሉ ይፈሳሉ፣ የሶር ፏፏቴም ከመቱ ከተማ አይርቅም። በዚህ ቀዝቃዛ ውሃ አገር ግን እንደ አምቦ ያለ፣ ከሩቅ ሰው የሚመጣበት የፍልውሃ ከተማ አላደገም። ስመ ጥር ፍልውሃዎች የሚበዙት ምድር በተሰነጠቀበት በስምጥ ሸለቆና በዳርቻው ነው።

መታጠቢያው ከተማ የወለደው ፊንፊኔ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ ከተማቸውን ቆርቁረው ሳለ፣ ብርዱ የጸናበት መኳንንትና ሠራዊት ወደ ታች እየወረደ ከፍልውሃው ዳር ድንኳን ይተክል ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ንጉሡ ወደ ሐረር ዘመቻ ሲሄዱ እቴጌይቱ ቤት አሠሩበት፣ አዲስ አበባ ብለውም ስም አወጡለት። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ለመታጠብ በወጣ ሰፈር ላይ የተመሠረተች ናት። ከተማዋ ስትሰፋ መኳንንቱ በየተራቸው፣ ሕዝቡም በበኩሉ ፍልውሃ መታጠቡን ቀጠለ።

የመጀመሪያው ሆቴል ግን ወደ ፍልውሃው አልሄደም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. የከፈቱት እቴጌ ሆቴል የቆመው አራዳ፣ ገበያው አጠገብ ነው፤ ደንበኛው ታማሚ ሳይሆን ነጋዴና ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነበርና። በዚያ ዘመን እህል በገንዘብ ሸጦ ማብላት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር አበሻው ቶሎ አልገባም። ምኒልክ መኳንንቱን ጠርተው፣ እየከፈሉ እያበሉ እንዳስለመዷቸው ይተረካል። ሕንፃው በጥር 2007 ዓ.ም. ክፉኛ ቢቃጠልም ስሙና አገልግሎቱ ዛሬም አለ።

ፍልውሃው በበኩሉ የራሱን ሥርዓት አበጀ። ውሃው ከምድር ሲወጣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ እንዳለ አይታጠቡበትም፤ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ታጣቢው ትኬቱን በማዕረግ ይቆርጣል፣ ተራው እስኪደርስ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ለብቻው ክፍል ገብቶ ገንዳውን ይሞላል። እንደ ጃፓኑ በጋራ መነከር እዚህ አልተለመደም። ሰዓቱ ሲሞላ በሩ ይንኳኳል። ታጥቦ የወጣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ እዚያው ለማደር የሚያስበው ጥቂት ነው።

መታጠቢያውንና ማደሪያውን ያገናኛቸው መኪናና መንግሥት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ በስፋት ሲሠራ የጭነት መኪና ሾፌሮች በየከተማው አልቤርጎና ባኞ ቤት የሚሉትን አገልግሎት አስፋፉ።  ከነፃነት በኋላ መንገዶቹ በተሻለ ሁኔታ ሲጠገኑ ለንጉሠ ነገሥቱና ለከተማው ሹማምንት የእረፍት ስፍራ ያስፈልግ ነበርና በአምቦ፣ በወሊሶ፣ በሶደሬና በወንዶ ገነት መዋኛና ሆቴል በአንድ ግቢ ተሠራ። አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ወሊሶ ግዮን እየተባሉ የተጠሩት በዚያው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የአምቦ ውሃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1922 ዓ.ም. ነበር፤ ብዙ ሰው አምቦን የሚያውቀው ታጥቦባት ሳይሆን ጠጥቷት ነው። ሆቴሎቹ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆኑ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ አንዳንዶቹ ወደ ግል ይዞታ ዞሩ።

የእነዚህ ሆቴሎች ደንበኛ ከምዕራብ የሚመጣው መንገደኛ አለመሆኑ በኪሎ ሜትር ይገለጻል። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በበቅሎ ዘመን አምቦ ከአዲስ አበባ የአራት አምስት ቀን መንገድ ላይ የምትገኝ ማረፊያ ነበረች፤ በአውቶቡስ ዘመን ግን የሁለት ቀኑ ጉዞ የሚያሳድረው ጅማ ወይም ነቀምቴ ላይ ነው። አምቦና ወሊሶ የሚደረሱት በማግሥቱ፣ ዋና ከተማው ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ሁሉም ለመግባት ሲቸኩል ነው። ከወዲያ በኩል ግን ርቀቱ ለአዲስ አበቤ ልክ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ፣ ዋኝቶ፣ አድሮ እሁድ ይመለሳል። የፍልውሃ ሆቴሎቹ ክፍልም ገበታም ለዚህ ደንበኛ የታሰበ ነው።

በሁሩሙና በመቱ መስመር ማደሪያው በሌላ ምክንያት አደገ። የቡና ግዢ ሲደራ ነጋዴው፣ የመኪና ረዳቱና ሾፌሩ አልጋ ይይዛሉ። ሁሩሙን ጨምሮ ያዮና አካባቢው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የዱር ቡና ለማጥናት የሚመጣ ተመራማሪ ተጨምሯል። ሆቴሎቹ በአብዛኛው የግል ናቸው፤ ፎቅ የሠራ ቦይለር ያስገባል፣ ያልሠራ በግቢው መጨረሻ የጋራ ሻወር አለው።