ብረቱንም መዝግቡት

የድሮ ድልድይ እመዘግባለሁ ስል የአገሬ ሰው ወዲያው «የፋሲል ነው?» ይለኛል። አዎ ካልኩት ደስ ይለዋል፤ የብረት ነው ካልኩት ወሬ ይለውጣል። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝና ሙግቴ እዚህ ላይ ነው።

በእኛ በኩል ትልቅ ወንዝ መሻገር የበጋ ሥራ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር በጋይንት አድርገው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ተራራ አስቆርጠው መንገድ አወጡ፤ የጂዳንና የበሽሎን ወንዞች ግን የተሻገሩት ያለ ድልድይ ነው።

ዓባይ ላይ፣ በድሮው እስቴ በዛሬው አንዳቤት በኩል ወደ ሞጣ የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ የአጼ ፋሲለደስ (1624–1660 ዓ.ም.) ሥራ ነው ይባላል። ፈረንጆቹ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል፤ ፋሲለደስ ግን የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። የኖራ ግንብ ጥበቡ ግን ሚሲዮናውያኑ ከሄዱም በኋላ እዚሁ ቀረ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የድልድዩ መሃል ፈረሰ። ቅስት ላይ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ተጭኖ ነው የሚቆመው። መሃሉ ከተናደ እንደገና ለመገንባት ከሥር የእንጨት ደገፋ ያስፈልጋል፤ ዓባይ ውስጥ ያንን ማን ያቆማል?

ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። በሁለቱ ጫፍ ወንዶች ገመድ ይዘው ይቆማሉ። ገበያተኛው ወገቡን ይታሰራል፤ ከወዲህ ያሉት ቀስ እያሉ ይለቁለታል፣ ከወዲያ ያሉት ይስቡታል፤ እሱ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ከእግሩ ሥር ዓባይ ይጮሃል። ይህ ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። እኔ ባገላበጥኩት መዝገብ ውስጥ የአንድ ገመድ ሳቢ ስም አላገኘሁም።

ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ የወጣ የዚህ ገመድ ፎቶግራፍ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ተቋራጭ ዓይን ውስጥ ገባ። ሰውዬው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። እንዲህ ያለው ብረት በሦስት ማዕዘን እየተያያዘ ይሠራል፤ የላይኛው ዘንግ ሲጨመቅ የታችኛው ይወጠራል፤ ስለዚህ ሳይከብድ ሰፊ ክፍተት ይዘላል። መንገድ ሥራ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቤይሊ ድልድይም የዚሁ ዘር ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያወጡት ሲሆን አንዱ ክፍል 3 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስድስት ሰው ይሸከመዋል። መኪና የማይገባበት ቆላ ብረት የሚደርሰው ተፈታቶ ነው።

ድንጋይ በክብደቱ ጎርፍን ይችላል፤ ብረት ግን ከደረሰበት ጎርፉ ያነሳዋል። የሰባራ ድልድዩንም ብረት ጥቂት ክረምት ሳይቆይ ዓባይ ሞልቶ ወሰደው። ከዚያ በኋላ የተሠራው በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ነው።

እንግዲህ መሻገሪያው ኖራም፣ ገመድም፣ ብረትም፣ ሽቦም አይቷል፤ እኛ የምንተርከው የኖራውን ብቻ ነው። ድንጋይ ቢፈርስም ፍራሹ እዚያው ይገኛል፤ ብረትን ወይ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ወይ ተቆራርጦ ለቁራሌው ይሸጣል። ስለዚህ ጋይንት፣ ስማዳም ሆነ እስቴ ያላችሁ መምህራን፦ ያረጀ የብረት ድልድይ ስታገኙ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱንና ስፋቱን በሜትር ለኩ፤ ብረቱ ላይ የፋብሪካ ስም ካለ ገልብጡ፤ በየዘንጉ ያለውን ብሎን ቁጠሩ፤ ብረቱን ተሸክመው ያወረዱትን ሰዎች ስም ከነአባታቸው ጻፉ። ዓባይ ዳር ላላችሁት ደግሞ ከብረቱም የሚቀድም አለ፦ ገመድ የሳቡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በቅድሚያ እነሱን ጠይቁ።