በግሉ የሚሠራ ድምፃዊ የዲጂታል ሙዚቃ አከፋፋይ ሲመርጥ ምን ይመልከት?

በካሴት ዘመን ድምፃዊው ሥራውን ለሙዚቃ ቤት ሸጦ፣ የተስማማበትን ገንዘብ ተቀብሎ ይለያይ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ካሴት እንደተሸጠ የሚያውቀው አሳታሚው ነበር። ዛሬ በጎንደር ወይም በደሴ ማሲንቆ ይዞ የሚያዜም ወጣት ሥራውን በስፖቲፋይ፣ በአፕል ሙዚቃና በዩቲዩብ ሙዚቃ ማውጣት ይችላል፤ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ የአገሩ ሰውም ያዳምጠዋል። ይሁን እንጂ እንደ ስፖቲፋይ ያሉ ማሰራጫዎች ከግለሰብ በቀጥታ ሥራ አይቀበሉም። በመካከል አከፋፋይ የሚባል ድርጅት አለ።

አከፋፋዩ የዘፈኑን ቅጂ፣ የሽፋን ምስሉንና የባለሙያዎቹን ስም ተቀብሎ ለማሰራጫዎቹ ይልካል፤ ገቢውንም ሰብስቦ ለባለቤቱ ያስተላልፋል። እህል ከገበሬ ተረክቦ ገበያ ከሚያደርስ ሰው ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ ዘፈኑ ከተረከበውም በኋላ የአምራቹ ንብረት ሆኖ መቀጠሉ ነው። በመሆኑም ውሉ የማሰራጨት ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ እንጂ ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይቀድማል።

የክፍያው ሥርዓት ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ዲስትሮኪድ በየዓመቱ ያስከፍላል፤ ከማዳመጫ ገቢው ግን ድርሻ አይወስድም። ዓመታዊው ክፍያ ሲቋረጥ፣ ለዘለቄታው እንዲቆይ ተጨማሪ ካልተከፈለበት በቀር፣ ሥራው ከማሰራጫዎቹ ሊነሣ ይችላል። ሲዲ ቤቢ በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ጊዜ ያስከፍልና ከገቢው 9 በመቶ ይወስዳል። በዓመት ብዙ ነጠላ ዜማ ለሚያወጣ የመጀመሪያው ያዋጣል። በሦስትና በአራት ዓመት አንድ አልበም ለሚሠራ ግን ሁለተኛው ይሻላል፤ በየዓመቱ በዶላር መክፈል ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቀላል ግዴታ አይደለምና።

ከዋጋው በላይ ሊመዘን የሚገባው ግን ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። አከፋፋዩ ኢትዮጵያ ወዳለ ባንክ ይልካል ወይ? ዝቅተኛው የሚወጣ ገንዘብ ስንት ነው? የማስተላለፊያው ወጪስ? እነዚህ ሳይመለሱ የተመዘገበ ሰው ገቢውን በስክሪን ላይ እያየ መቀበል ሊያቅተው ይችላል። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም መመዝገብም መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን በአከፋፋዩ መዝገብ ላይ የሚታወቀው የዘመዱ ስም ነው። አሜሪካ ከኢትዮጵያ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ከአሜሪካ አድማጮች በሚገኘው ገቢ ላይ 30 በመቶ ሊቀነስ እንደሚችልም ማወቅ ይጠቅማል።

ገቢውም ቢሆን ወዲያው አይመጣም። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ይህን ቁጥር በገንዘብ እናሟላለን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሐሰተኛ ማዳመጥ ሲደረስበት ግን ዘፈኑ ሊወርድ፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል።

ለአገራችን ባለሙያ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የባህል ዜማ ነው። ዩቲዩብ ላይ ዘፈኑን የተጠቀሙ ቪዲዮዎችን እየለየ ገቢ የሚሰበስበው ሥርዓት ለብቸኛ ባለመብት ብቻ የተፈቀደ ነው። የሠርግ ወይም የአዝመራ ዜማ የሁሉም በመሆኑ፣ የግሌ ነው ብሎ ማስመዝገብ የሌላውን ድምፃዊ ቪዲዮ ያስከስሳል፤ አከፋፋዩም አገልግሎቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪውም ድርሻቸውን ዘፈኑ ከመለቀቁ በፊት በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ ክርክሩ ለልጆችም ይተርፋል።

አከፋፋይ መቀየር የፈለገ ደግሞ አይኤስአርሲ የተባለውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የዘፈን መለያ አስቀድሞ ይመዝግብ። በዚያው መለያ በአዲሱ አከፋፋይ በኩል ከተጫነ ቀድሞ የነበረው የማዳመጥ ቁጥር አብሮ ሊቀጥል ይችላል፤ አሮጌው ቅጂ የሚወርደውም አዲሱ በማሰራጫዎቹ ላይ መታየቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።