ያልጸደቀው ረቂቅ፦ በመሬት ጥያቄ ሥልጣኑ የማን ነበር?

«ፖሊሲን የሚወስነው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን የሚሊዮኖችን ኑሮ የወሰነ ጥያቄ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ምሁራን በጉዳዩ ላይ ያቀረቧቸውን ተፎካካሪ አስተሳሰቦች በራሳችን የመሬት ጥያቄ ለመመዘን እሞክራለሁ።

ሲ. ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአሜሪካ ታላላቆቹን ውሳኔዎች የሚሰጡት የትልልቅ ኩባንያዎች፣ የጦር ኃይሉና የመንግሥቱ ቁንጮዎች እንደሆኑ ተከራከረ። ሮበርት ዳል ግን በ1961 የኒው ሄቨንን ከተማ አጥንቶ፣ በከተማ መልሶ ግንባታ፣ በትምህርትና በዕጩዎች አመራረጥ ላይ የተሰጡትን ውሳኔዎች ቢመረምር በሁሉም የበላይ የሆነ አንድ ቡድን አላገኘም፤ ሥልጣን ተበታትኗል ሲል ደመደመ። በዓመቱ ባክራክና ባራትዝ ሦስተኛ ሐሳብ አመጡ፦ የሥልጣን አንዱ ገጽታ፣ ጉዳዩ ከነጭራሹ ለውሳኔ እንዳይቀርብ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ተሰለፉ። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደርን የሚመለከት ሚኒስቴር ተቋቋመ። የጭሰኛውን ኪራይ የሚገድብና ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነቀል የሚጠብቅ ረቂቅ ሕግም ተዘጋጀ። በአርሲ የጭላሎን የእርሻ ልማት ትረዳ የነበረችው ስዊድንም ሕጉ እንዲወጣ ትወተውት ነበር። ላይ ላዩን ላየው፣ ይህ የዳል ዓለም ነው፤ ተማሪው ይጮኻል፣ ባለሙያው ያረቅቃል፣ ለጋሹ ይገፋፋል። ረቂቁ ግን ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ ቀረ።

ምክንያቱን ለማግኘት የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መግለጥ ይበቃል። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ለመሆን የሚወዳደር ሰው፣ በምርጫ ወረዳው ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚሾሙት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» እንዲሉ፣ ጭሰኛው ስለ ባለመሬቱ አቤት የሚለው ለባለመሬቱ ነበር። እዚህ ላይ ሚልስ ትክክል ይመስላል። ሆኖም ባለመሬቶቹ ረቂቁን በአደባባይ ተከራክረው መጣል እንኳን አላስፈለጋቸውም፤ ማቆየቱ በቂ ነበር። ባክራክና ባራትዝ ያሉት ይህንኑ ነው።

ገበሬውስ ፈጽሞ አቅመ ቢስ ነበርን? አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ በመሣሪያ ተቃወመ፤ መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ አፈገፈገ። ሆኖም ገበሬው የወጣውን ሕግ ማክሸፍ እንጂ የሚፈልገውን ሕግ ማውጣት አልቻለም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው፤ የዳል ተከታዮች ብዙ ጊዜ የሚስቱትም ይህን ልዩነት ይመስለኛል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ፓርላማውም አብሮ ተበተነ። ከስድስት ወር በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን፣ ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬት መሸጥ፣ ማከራየትና በዋስትና ማስያዝ ተከለከለ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለዓመታት መጠነኛውን ረቂቅ ያፈነው ኃይል በወደቀ ማግሥት እጅግ ሥር ነቀል የሆነው ሕግ ያለ አንድ የምርጫ ድምፅ ታወጀ። ጭሰኛው የረዥም ዘመን ቀንበሩ ወለቀለት፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር። ውሳኔው ግን አሁንም በሌሎች እጅ ነበር፤ በወታደሮችና በባለሙያዎች።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ይህን የሚደግፉም የሚነቅፉም በቂ ምክንያት አላቸው፤ ክርክራቸው ለሌላ ቀን ይቆየን። እኔን የሚያሳስበኝ፣ በሦስቱም ሥርዓቶች አራሹ ስለ መሬቱ ሲወሰን ከጠረጴዛው መራቁ ነው። እንግዲህ ሥልጣን የማን እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው የጸደቁትን አዋጆች ብቻ አይቁጠር፤ በመሳቢያ የቀሩትን ረቂቆችና ሳይጠየቁ የተወሰነላቸውን ሰዎችም ይቁጠር።