ያልተቋረጠው ጥሪ፦ ስለ በይነ መረብ የምግብ ትእዛዝ ታሪክ



የበይነ መረብ የምግብ ትእዛዝ ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚነገረን ማሽን ሰውን መተካቱ ነው። ማስረጃው ግን ሌላ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ፒዛ ኸት በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ክሩዝ ከተማ «ፒዛኔት» የተሰኘ የሙከራ አገልግሎት ጀመረ። ደንበኛው ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ይሞላል፤ ትእዛዙ በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ወደሚገኘው ዋና ኮምፒውተር ተጉዞ፣ ሳንታ ክሩዝ ወዳለው ምግብ ቤት ይመለሳል። ሆኖም አዲስ ለሆነ ደንበኛ ስልክ ተደውሎ ትእዛዙ እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጣል። ክፍያውም ምግቡ ቤት ሲደርስ በእጅ ይሰጣል። መልእክቱን ማሽን ተሸከመ፤ አመኔታውን ግን ሰው።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ በዚህችው ከተማ፣ ከየትኛውም ምግብ ቤት ይሁን፣ በስልኬ ምሳ ባዘዝሁ ቁጥር ካርታው ቤቴን እያመለከተ እንኳ ሞተረኛው ይደውላል፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው ወይስ በታች?» ይለኛል። የቤት ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር መንገዱን የሚያገናኘው ይህ ንግግር ነው።

የድርጅቶች መዝገብ ትእዛዙን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ይይዛል፤ ይህን ንግግር ግን አይዝም። እኔም ለዓመታት ሳስተምር የመሣሪያውን ዘመን እንጂ የደዋዩን ድካም አልጻፍሁም። ስሕተቴን እናንተ አርሙ፤ የሞተረኞቹን ቃል ዛሬ ካልሰበሰባችሁ፣ ነገ የሚጻፈው ታሪክ ሰው የሌለበት ይሆናል።